ግራ ዓይኔና የእናቴ ስለት

ግራ ዓይኔ አያይም። ሰው ፊት የሚያሳጣኝ ግን አለማየቱ ሳይሆን ነጭነቱ ነው። ብሌኑ ጥቁር ሆኖ ዝም ብሎ ቢቀመጥልኝ ኖሮ፣ አለማየቱን ከእኔና ከእናቴ በቀር ማን ያውቅ ነበር? ልጅ ሆነን የሰፈር ልጆች «ዕንቁላሉ» ይሉኝ ነበር። አሁን ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ታክሲ ውስጥ ከግራዬ የተቀመጠ ሰው ግን አንዴ ዞር ብሎ ካየኝ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ፌርማታው እስኪደርስ ቀና አይልም። ይህን ለማወቅ አንገቴን ሙሉ በሙሉ ማዞር አለብኝ። አዞራለሁ። ሰው ምን እንደሚያደርግ ካላየሁ አልቀመጥም።

የምሠራው ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ካለ ፎቶ ቤት ነው። ሥራዬ የሰው ፊት ማስተካከል ነው። የሙሽራ ብጉር አጠፋለሁ፤ የሟች ጉርድ ፎቶ አጎላለሁ፤ ጨለማ ውስጥ የተነሳ ክርስትና አበራለሁ። የራሴንም ፊት ሠርቻለሁ። ቀኝ ዓይኔን ቀድቼ፣ ገልብጬ ግራው ላይ አስቀመጥኩትና ጉርድ ፎቶ በተጠየቅኩ ቁጥር ያንን እሰጥ ነበር። በትርፍ ጊዜዬ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ የፎቶ ፖስታ ጀርባ ላይ እየጻፍኩና እየሰረዝኩ ነው የለመድኩት። መድረክ ላይ ሳነብ ቀኝ ጎኔን ለሕዝቡ ሰጥቼ እቆማለሁ። አንድ ሰው «አቋቋምህ ደስ ይላል፤ ኩራት አለው» ብሎኛል።

ከዚያ ዲጂታል መታወቂያ ማውጣት ግድ ሆነ። እዚያ የራሴን ፎቶ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። መዝጋቢዋ መነጽር የመሰለ መሣሪያ ፊቴ ላይ ያዘችና፣

«ግራህን ክፈተው፣ ወንድሜ» አለችኝ።

«ክፍት ነው።»

«ትንሽ ጨምር።»

«ያለኝ ይኸው ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ አባት «ልጄ፣ በዚያ በኩል መስኮቱ ተዘግቷል፤ በበሩ ግቢ» አሏት። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር በኋላ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። መዝጋቢዋ ግን አልሳቀችም፤ ደንግጣ «ይቅርታ» አለችና የሆነ ነገር ነካክታ አሳለፈችኝ። ስጨርስ ኮምፒውተሯ ላይ ያልተነካ ፊቴን አየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ የሰውን ፊት ሳስተካክል፣ የራሴን እንዲህ አፍጥጬ አይቼው አላውቅም። ዓይኑን ራሱን ስለማሠራት ማሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናዋን ዘርግታ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትጠግናለች። ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ነገሩን እንዴት እንደማነሳባት ሳወጣና ሳወርድ እሷ ቀደመችኝ። አንዲት ደንበኛዋ፣ የአጎቷ ልጅ የማያይ ነጭ ዓይን በቀዶ ጥገና እንደጠቆረለት ነግራት ነበር።

«አያይም፤ ግን ይጠቁራል አሉ» አለችኝ። ከግራዬ ነበር የተቀመጠችው። ሁልጊዜ ከግራዬ ነው የምትቀመጠው። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እሷ ናት ያለችው።»

«ለማያይ ዓይን ምን ያደርግለታል፣ እማዬ?»

«ለሰው ነዋ።» ከዚያም «ለእኔ» አለች።

ለምን ለእሷ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባት ዓመቴ ሳለ የሽቦ መኪና ስሠራ የሽቦው ጫፍ ተፈናጥሮ ዓይኔን ወጋኝ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት አራስ ነበረች። ዓይኑን ለተመታ ልጅ የጡት ወተት ፍቱን ነው ተባለ። አራሷ ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ራሴን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዓይኔ ውስጥ አለበችልኝ። እናቴ እጆቼን ይዛ ነበር። ሕመሙን አላስታውሰውም፤ ለብታውን ግን አስታውሳለሁ። በአራተኛው ቀን ፊቴ አብጦ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ፣ ሐኪሙ «ያኔውኑ ብታመጪው ኖሮ» አላት። ዓይኑን የሸፈነው ነጭ ሞራ እየቆየ ነው የመጣው። ያቺ አራስ ጎረቤታችን ሰፈሩን እስክትለቅ ድረስ «የጡት ልጄ» እያለች ትጠራኝ ነበር። እናቴ ያንን በሰማች ቁጥር ወደ ስፌቷ ታቀረቅራለች።

ጠዋት ወደ ፎቶ ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ የማይቀር ሥራ ነበረኝ። ለእናቴ በዐሥር መርፌ ክር አስገባላታለሁ፤ አምስቱ ጥቁር፣ አምስቱ ነጭ። ጥቁሮቹን የሹራቧ ቀኝ ደረት ላይ፣ ነጮቹን ግራው ላይ ሰክታ ትወጣለች። «ጊዜ ይቆጥብልኛል» ትለኝ ነበር። በአንድ ዓይን ክር ማስገባት ቀላል አይደለም፤ ክሩ ቀዳዳው ጋ የደረሰ ይመስልና ገና ሆኖ ይገኛል። መርፌውን ጥፍሬ ላይ እያስደገፍኩ ተለማመድኩት። ስለነዚህ ዐሥር መርፌዎች ግጥም ጽፌአለሁ። የእናቱን ቀን በየጠዋቱ ስለሚያዘጋጅ ልጅ ነው ግጥሙ። ሳነበው ተጨበጨበልኝ፤ አንዲት እናት አለቀሱ። በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛ ጥቁር ሱሪያቸው በቡናማ ክር ተሰፍቶ አግኝተውት በረንዳው ላይ ጮኸውባት ሄዱ። ስትነግረኝ ሳቅኩባት።

«አረጀሽ እንዴ፣ እማዬ?»

«ምን ላድርግ፤ ወጣትነቱን አንተ ወሰድከው» አለችኝ። እሷም ሳቀች።

ወደ ዓይን ክሊኒክ የሄድነው አንድ ማክሰኞ ነው። እናቴ ሐኪም ቤት ስትሸኘኝ በር ላይ የመቅረት ልማድ አላት። መርፌ ስለምትፈራ ይመስለኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታ የምትውል ሴት። ያን ቀንም ኮሪደሩ ላይ፣ ክፍት በሩ አጠገብ ቀረች።

ዶክተሯ ከእኔ ብዙም የምትበልጥ አይመስለኝም። ዓይኔ ላይ መብራት አበራች።

«ብርሃን ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«አሁንስ?»

«አብርተሽዋል እንዴ?»

የተከደነው ዓይኔ ላይ የሚያሟልጭ ነገር ቀብታ ከጀርባ ያለውን በማሽን አየችው። ከዚያ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ከኋላ ያለው የሚያየው ስስ ሽፋን ከቦታው ከተነቀለ ቆይቷል። ሞራው ቢወጣም ዓይኑ አያይም። ብሌኑ ግን ሊጠቁር ይችላል።

«ሊጠቁር ይችላል?»

«ቃል አልገባልህም። የቆየ ጉዳት ነው፤ ሊደማ ይችላል፣ ሊቆጣ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመም የማይለቀው ሰው አለ። አንዳንዱ ዓይን ደግሞ ቀስ እያለ ይኮማተርና ያንሳል፤ ያኔ ነጭነቱን ትመኘዋለህ። ደግሞም ዓይንህ ወደ ውጪ ሸሽቷል። ቢጠቁርም ወዴት እንደምታይ ሰው ግራ ይገባዋል።»

ሌላም ምርጫ ነገረችኝ። ባለ ቀለም ሌንስ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ጠዋት ዓይን ላይ የሚደረግ፣ ማታ የሚወልቅ። ብዕሯን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝና፣

«ለማን ብለህ ነው?» አለችኝ።

«ለራሴ» አልኩ። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለስኩት።

በቤተሰብ ውስጥ የዓይን ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። አላውቅም ስላት እናቴን አስጠራቻት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «እዚሁ ልሁን» አለች።

«ይግቡ ማዘር፤ ይቀመጡ።»

እናቴ ገባችና ከወንበሩ አንድ ክንድ ያህል ርቃ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ልትቀመጥ ዝቅ አለች። ዶክተሯ ዘልላ ያዘቻት። እኔ አልደረስኩላትም። ከግራዬ ነበረች።

ዶክተሯ ትንሿን ባትሪ አብርታ የእናቴን አገጭ ቀና አደረገች።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ማዘር?»

«ምኑ?»

«ግራዎን ሞራው ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ቀኙም ብዙ አልቀረውም።» ወደ እኔ ዞራ ቀጠለች። «እንደማየው የእሳቸው ከጀርባ ጤነኛ ነው። ሞራው ከወጣ ያያሉ።»

እናቴ ፊቷን ከመብራቱ አዞረች። ያን ጊዜ በቀኝ ዓይኔ ፊት ለፊት አየኋት። ግራ ብሌኗ አመድ መስሏል። በየቀኑ አብሬአት የምበላ ሰው፣ ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው ስልክ እንዴት እንደሚያወጣ የምመዘግብ ሰው፣ ይህን አላየሁም። ዐሥሩ መርፌ፣ ቀኝና ግራው ደረት፣ ቡናማው ክር። ሁሉንም አይቼው ነበር። እንዲያውም ግጥም አድርጌዋለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ያዝን። አጠና ተራ ወርደን በእግር ስንሄድ ጠየቅኳት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለት አለብኝ።»

ያኔ ሐኪሙ «ብታመጪው ኖሮ» ያላት ቀን፣ እኔን ለጎረቤት ሰጥታ በቀጥታ ማርያም ሄዳ ነበር። የልጄ ዓይን ሳይድን የእኔን ሕመም ሐኪም አይነካውም ብላ ተሳለች። ጥርሷን በፒንሳ በገዛ እጇ የነቀለችው ለዚህ ነበር። አንድ ክረምት በሙሉ ስታስል ከርማ ጤና ጣቢያ አልሄድም ያለችውም ለዚህ ነበር።

«ይሄ ስለት ነው ወይስ ቅጣት፣ እማዬ?»

«እሱን አንተ በግጥምህ ለየው።»

«የእኔ ዓይን መቼም አያይም እኮ። ሰምተሻታል።»

«አያይም አለች። አይጠቁርም አላለችም። ከጠቆረ ድኗል ብዬ ለእመቤቴ እነግራታለሁ፤ እሷ ከእኔ ጋር ቃል አትቆጥርም።»

በማግስቱ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ከመቅደሱ ጀርባ ጥላ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ስለት ይፈታል?» ብዬ የእናቴን ነገር ነገርኳቸው።

«ስለት መስጠት ነው ልጄ። ጧፍ ይሰጣል፣ ዣንጥላ ይሰጣል። ዓይኔን ላጥፋልሽ ብሎ የተሳለ ሰው ቢመጣ እፈታዋለሁ። ግን ራሳቸው መጥተው ይንገሩኝ፤ በልጅ አፍ አልፈታም።»

ለእናቴ ነገርኳት። «የተሳልኩት ለእሳቸው አይደለም» አለችኝና መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ዓይኔን ካላሠራሁ እናቴ ትታወራለች። ካሠራሁ ዓይኔ ሊጠቁርም ሊጠፋም ይችላል። ፎቶ ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት የራሴን ፎቶ አውጥቼ ሦስት ቦታ አባዛሁት። አንደኛውን እንዳለ ተውኩት፤ ሁለተኛውን አጠቆርኩት፤ ሦስተኛው ላይ ዓይኑን አሳንሼ፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አስገብቼ የተኮማተረ ዓይን ሠራሁ። እጄ የለመደው ሥራ ስለሆነ እውነተኛ መሰለ። ሦስተኛውን ለረጅም ጊዜ ሳየው ቆየሁ። ፈራሁ። ያ ዓይን የሚያመኝ፣ ሰው የሚያሸሽብኝ፣ መድረክ ላይ ጎን መስጠት እንኳ የማይሸፍንልኝ ሆኖ ታየኝ። በዚህ መሐል እናቴ ክሮቹን በቀለም እንድለይላት መጠየቅ ጀምራለች፤ ስለታወቀባት መደበቁን ትታዋለች።

ሌንሱን አዘዝኩ። እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። የመጣ ዕለት ለእናቴ ቀዶ ጥገናዬ ነገ ነው አልኳት፤ በር ላይ ከምትቀሪ ሥራሽን ሥሪ ብዬ አሳመንኳት። በነጋታው ቀኑን ሙሉ ሳንሱሲ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ዋልኩና ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ፋሻ ዓይኔ ላይ ለጥፌ ገባሁ። በማግስቱ ፋሻውን ጓዳ ገብቼ አነሳሁ፤ ሌንሱን አድርጌ ወጣሁ።

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። ቀኝ ዓይኗን ከዓይኔ ጋር ልታነካካው ምንም አልቀራት፤ ትንፋሿ ጉንጬ ላይ ይሰማኝ ነበር።

«ጠቆረ» አለች። እልል ልትል ጀምራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አመመህ?»

«ትንሽ።»

ከዋሸኋት ሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ይህ «ትንሽ» ያልኩት ነው። ቁስል የሌለበትን ዓይን እፍ አለችልኝ። ያኑ ዕለት ጧፍ ገዝታ ማርያም ሄደች።

የእሷ ግራ ዓይን በሁለተኛው ሳምንት ተሠራ። ክሊኒኩ በር ላይ አልቆመችም፤ ዘው ብላ ገባች፤ ነርሷን «ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በደጅ ሳልፍ ውስጡ እንዲህ ነው እንዴ?» እያለች አሳቀቻት። ፋሻው የሚነሳው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ሌንሱ ከለበስኩት ቀን ጀምሮ ሲቆረቁረኝ ነው የሰነበተው፤ ያን ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ነበር። አደረግኩት፤ መልሼ አወጣሁት። ያወጣሁት ስለቀላ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እሱ ብቻ አልነበረም። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ አጥርታ የምታየው ፊት፣ እኔ የሠራሁት ፎቶ እንዲሆን አልፈለግኩም።

ነርሷ ፋሻውን አነሳች። እናቴ መጀመሪያ ያየችው እጆቿን ነው፤ ገልብጣ መዳፏንም የእጇን ጀርባም አየች። ከዚያ ግድግዳውን። ከዚያ እኔን።

«ጠጉርህ እንዲህ ጎፍሯል እንዴ? ተው የሚልህ ሰው የለም?»

ነርሷ ሳቀች። እናቴ ግን ሳቁን አልተከተለችውም። ዓይኗ ግራ ዓይኔ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ነጭ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ተመልሶ ነጣ?»

«አልተሠራም፣ እማዬ።»

«ያ ጥቁርስ?»

የሌንሱን ብልቃጥ ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ውሃው ውስጥ የተኛውን ትንሽ ክብ ለብዙ ጊዜ አየችው። አጥርታ ነበር የምታየው።

«እኔን ከማን ጋር እንዳጣላኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ፤ ድምጿን እንኳ አላነሳችም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን አልያዘችም። ከዚያ ቀን በኋላ ለመርፌ አልጠራችኝም። ጠዋት ስነሳ ዐሥሩም ክር ገብቶላቸው፣ ጥቁርና ነጩ ተደበላልቀው ደረቷ ላይ አገኛቸዋለሁ። የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው፤ ስግደት ሰጧት፤ በአንቺ ላይ ኃጢአት የለም አሏት። «አባ ጨርሰውልኛል» አለችኝ፤ «እኔ ግን አልጨረስኩም።» ግራዬን ትታ ፊት ለፊቴ መቀመጥ ጀመረች። ስበላ ታየኛለች፤ ስጽፍ ታየኛለች። እኔም አያታለሁ፤ ሁለታችንም በአንድ በአንድ ዓይን።

የቀኝ ዓይኗ ቀጠሮ ደረሰ። አልሄደችም። እንደገና ተቀጠረላት፤ አልሄደችም።

«ግራውን በውሸት አሠራኸኝ። ቀኙን በእውነት ነው የማሠራው፤ ያንተ ሲሠራ።»

ያኛው ሳምንት ዶክተሯ ዘንድ ተመለስኩ። እናቴ አብራኝ መጥታ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ስለነበር ትታየኝ ነበር። ዶክተሯ የቀዶ ጥገናውን የፈቃድ ወረቀት ከመስጠቷ በፊት ያንኑ ጥያቄ ደገመችልኝ።

«ለማን ብለህ ነው?»

«ለእሷ።»

«እንዲህ ያለውን መልስ አልወደውም» አለችኝ። «ዓይኑ ያንተ ነው። ቢያምም የሚያመው አንተን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወረቀቱን አነበብኩት። ሊደማ ይችላል፣ ሊቆጣ ይችላል፣ ሊያንስ ይችላል ይላል። ሦስተኛው ፎቶ ትዝ አለኝ። ብዕሩን ሳሳርፍ እንደ ልማዴ ርቀቱ ጠፋብኝና ፊርማዬ ከመስመሩ በታች ወደቀ። ዶክተሯ «ይበቃል» አለች።

ስወጣ እናቴ ብድግ አለች። ፊቴን አየች። ቦርሳዋን አንስታ ከግራዬ ሆነችና መሄድ ጀመርን። ዞር ብዬ ላያት ፈለግኩ፤ አልዞርኩም።